መስማት ለማይችሉ የተሰጠ ስልክ ቁጥር

በዚያ ሰኞ ከሆስፒታሉ የአጥንት ክፍል ስወጣ ከማንም ጋር የመነጋገር ፍላጎት አልነበረኝም። ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሳስተምር ኖሬ፣ አሁን በሐኪምና በበሽተኛ፣ በዳኛና በከሳሽ መካከል ቆሜ የአንዱን ቃል በእጄ፣ የሌላውን እጅ በአፌ እናገራለሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት ከሐኪሙ አፍ ተቀብዬ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ያደረስኩት ቃል እንዲህ የሚል ነበር፦ የቀኝ እጅሽ ሦስት ጅማቶች ተቆርጠዋል፤ ሰፍተናቸዋል፤ ጣቶችሽ ግን እንደ ቀድሞው አይታጠፉም።

ልብስ ሰፊዋ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም። በግራ እጇ ቀስ ብላ፣ «መርፌ መያዝ እችላለሁ?» ስትል ጠየቀች። ሐኪሙ፣ «በጊዜ ሂደት እናያለን» አለኝ። እኔም እንዳለ አደረስኩላት። እሷ ግን ገና እጄ ሳይንቀሳቀስ የሐኪሙን ፊት አንብባ ጨርሳ ነበር። የማይሰማ ሰው ፊት ያነባል፤ ለዚያ ሰው በጎ ውሸት መናገር አይቻልም። ደግሞም እጇ መተዳደሪያዋ ብቻ አልነበረም። ምላሷም ነበር።

ኮሪደሩ ጫፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ «መምህርት» ብሎ የሚጠራኝ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ስልከኛው ናቸው። የደም ግፊታቸውን ሊለኩ መጥተው ተራ ይጠብቃሉ።

እኚህ ሰው ሠላሳ ሦስት ዓመት በስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ስለሠሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰው ሁሉ «ስልከኛው» እንዳላቸው ቀረ። ታናሽ ወንድማቸው መስማት የተሳነው አናጢ ነበር፤ በእኛ ትምህርት ቤት እንጨት ሥራ ያስተምር ነበር። ሳያገባ፣ ሳይወልድ ከአራት ዓመት በፊት ሞተ። ስልከኛው ከወንድማቸው ሞት በኋላ አንድ ፕሮግራም ሠሪ ወጣት ፈልገው፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የትዳር አጋር የሚፈላለጉበት የስልክ መተግበሪያ አሠሩ። በጎ ሥራ ነበር። ሁላችንም መርቀናቸዋል።

«እንዴት ነው አፑ?» አልኳቸው፣ ለወጉ ያህል።

«ምን ይሆናል፣ ይመስገን። ሰባት መቶ ሰው አልፏል። አራት ጥንዶች ተጋብተዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቅሬታ አልመጣብኝም።»

«ጋሼ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የተኛችውን ሴት እጇን በቢላ የቆረጣት ሰው ያገኛት በእርስዎ አፕ ነው» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። የክፍሉን በር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሰውየው አልሰማም ብሎ የተመዘገበ፣ ግን የሚሰማ፣ ምልክት ቋንቋ ከጎረቤቱ ልጅ የለመደ አታላይ ነው። ሁለት ጊዜ አግኝታው አልወደደችውም፤ በቃኝ አለችው። እሱ ግን ቤቷን ፈልጎ አገኘው።

«ልቤ ተሰብሯል» አሉ ስልከኛው። «ነገር ግን መምህርት፣ ድልድይ የሠራ ሰው በድልድዩ ላይ ለሚያልፍ ወንበዴ ሁሉ ይጠየቃል?»

«ድልድዩ መደገፊያ ከሌለው ይጠየቃል እንጂ። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ስለዚሁ ነገር ሰባት ወር ሙሉ እንደጻፈችልዎ አውቃለሁ።»

«ያቺ ልጅ!» አሉ በምሬት። «የአፕ ዲዛይነር ነኝ ትላለች። ሁሉም ፈርሶ እንደ አዲስ ይሠራ ነው የምትለው። ለዛሬ ልጆች የቆመ ነገር ሁሉ የሚፈርስ ነው።»

«እንግዲያው ሐሙስ ይዣት ልምጣ። ይሟገቱ፤ እኔ አስተረጉማለሁ። ካሸነፏት ሁለተኛ አንጽፍልዎም።»

«ይሁን» አሉ።

የስልከኛው ቢሮ ከአንድ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ በላይ፣ ደረጃ ተወጥቶ የሚገኝ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ነው። በመደርደሪያው ላይ ዘመን ያለፈባቸው ስልኮች በቁመታቸው ልክ ተሰልፈዋል። በጠረጴዛው ላይ አንድ የሚሠራ ስልክ አለ፤ የመተግበሪያው የእርዳታ መስመር እሱ ነበር። ዲዛይነሯ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አትሰማም። ቀልደኛና ፈጣን ልጅ ናት፤ ክፍል ውስጥ ሳለች እጇ ስለሚፈጥን «ቀስ በይ፣ ጣትሽ ይወልቃል» እንላት ነበር። በዚያ ቀን ግን አልቀለደችም። ስትገባ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች፤ እኔም ንግግሯን በ«እርስዎ» ተረጎምኩት።

ስልከኛው እንደ ቤቱ ባለቤት ቀድመው ጀመሩ። «ልጄ፣ መቼም ክፉ አሳቢ አይደለሽም። ከሁሉ በላይ የጠላሽው ምኑን ነው?»

«የርቀት ቁጥሩን፣ አባባ» አለች። «ከእያንዳንዱ ሰው ስም ሥር 'ካሉበት 300 ሜትር' የሚለውን። አንድ ሰው እየተራመደ ቁጥሩ ሲቀንስ፣ ሲቀንስ እያየ ሴትየዋ በር ላይ ይቆማል። ልብስ ሰፊዋን እንደዚያ ነው ያገኛት። አድራሻዋን ለማንም አልሰጠችም። አፑ ሰጠባት።»

ስልከኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ያን ቁጥር ያስገባሁት እኔ ነኝ። ፕሮግራም ሠሪው ባይኖር ይሻላል ብሎኝ ነበር። ለምን እንዳስገባሁት ታውቂያለሽ? ወንድሜ ሲኖርበት ከነበረው ቤት ስድስት መንገድ ተሻግሮ አንዲት የማትሰማ ሸማኔ ትኖር ነበር። እሷም ብቻዋን፣ እሱም ብቻውን። ሃያ ዓመት ሙሉ። የተገናኙት በክሊኒክ ወረፋ ላይ ነው፤ እሱ ሊሞት ስድስት ወር ሲቀረው። 'እዚሁ ነበረች' አለኝ፤ በጣቱ መሬቱን እየነካ። 'እዚሁ።' ሌላ ሰው እንደሱ እንዳይቀር ብዬ ነው።»

ይህንም በእጄ አደረስኩላት። አንባቢ ሆይ፣ ክፉ ነገር ሁሉ ከክፉ ልብ አይወጣም። የሰው ልጅ በሐዘኑ የሠራው መስኮት ለሌባ መግቢያ ሲሆን አይተናል።

ዲዛይነሯም፣ «ወንድምዎ እኔንም አስተምሮኛል፤ ወንበር ሠርቼ ሦስት እግር ብቻ አድርጌበት ስቆብኛል» አለች። «ቁጥሩ ይጥፋ አላልኩም። ሰፈሩን ብቻ ይናገር፤ ቤቱን አይናገር። ማሳየትና አለማሳየትም የባለቤቱ ፈቃድ ይሁን። በደግ የሚፈልጋትም በክፉ የሚያሳድዳትም ሰው እኩል የሚያየው ቁጥር እኮ መልካሙን ብቻ አይጠራም።»

«እሺ፣ እሱስ ይሁን» አሉ። «ግን መታወቂያ ይታይ፣ ፊት በቪዲዮ ይታይ፣ ሁለት የሚያውቁት ሰዎች ይመስክሩለት ብለሽ ጽፈሻል። ይህ የትዳር ፍለጋ ነው ወይስ የወንጀል ምርመራ? በሩ ላይ ዘበኛ የቆመበት ቤት እንግዳ አይገባበትም።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም? አባባ፣ ለልጅዎ ባል ቢመጣ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው ብለው አይጠይቁም? በድሮው ጊዜ ሽማግሌ የሚላከው ለዚህ አልነበረም? እኔ አዲስ ነገር አላመጣሁም። የድሮውን ጥንቃቄ ነው የምለምነው። አሁን እኮ ማንም በአንድ ፎቶና በሐሰት ስም ይገባል። ተባርሮም በሌላ ስም ይመለሳል።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ልጅቷ በእሳቸው መሣሪያ መታቻቸው። ሆኖም ጉዳዩ በዚህ አላለቀም።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ፣ ቀና ብለው ተቀምጠው። «አፑ ያን ያህል የከፋ ቢሆን ሰው ይጮህ ነበር። ያላለቀሰ ሕፃን ጡት አይሰጠውም። ችግር የገጠመው ይደውል ብዬ ትልቅ ቀይ ቁልፍ አድርጌያለሁ። ሲነካ በቀጥታ ወደዚህ ስልክ ይደውላል። እኔ ራሴ አነሳለሁ፤ ምሳ እንኳ የምበላው እዚሁ ነው። በሁለት ዓመት ማንም ቅሬታ አላቀረበም።»

ዲዛይነሯ የእኔን እጅ እስከ መጨረሻው ከተከታተለች በኋላ ስልኩን አየች። ከዚያ እኔን አየች። በጣም ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው፣ «አባባ፣ እኛ እኮ አንሰማም» አለች።

«እሱን አውቃለሁ።»

«ስንደውልልዎ ምን እንበልዎት?»

ስልከኛው ወደ ስልኩ ዞሩ። ወንድማቸው በሕይወት ዘመኑ አንድም ቀን ደውሎላቸው አያውቅም፤ ሲፈልጋቸው በእግሩ ነበር የሚመጣው። ይህን ያውቃሉ። ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት የስልክ ገመድ ሲያገናኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው የተቸገረ ሰው ማለት የሚደውል ሰው ነው። ከዚህ ውጭ አስበውት አያውቁም።

«ሌላ ሰው ያስደውላሉ ብዬ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ እንደ ነቃ ሰው፣ «ቆይ፣ የተደወለ ነገር ካለ መዝገብ አለኝ» አሉ። ከማዞሪያ ጣቢያው ይዘውት የመጡት ልማድ ነበር። የመጣውን ጥሪ ሁሉ ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር እየጻፉ በአጠገቡ አስተያየት ያሰፍራሉ። ወፍራሙን ደብተር ከመሳቢያ አውጥተው ቅሬታ አለመኖሩን ሊያስረዱ ገለጡልን።

ቅሬታ የሚል ቃል በእርግጥ አልነበረበትም። ብዙ መስመሮች ላይ ግን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «ባዶ ጥሪ።» «ባዶ ጥሪ፤ ቀልደኛ።» «የሚተነፍስ ብቻ።» «ሰካራም መሰለኝ።»

ዲዛይነሯ ጣቷን እያንሸራተተች ቆጠረች። ሃምሳ ሦስት ነበሩ። ከሃምሳ ሦስቱ ውስጥ ዘጠኙ፣ ኋላ እንዳጣራነው፣ ስለዚያው ስለ አታላዩ ሰው ከሦስት ሴቶች የመጡ ነበሩ።

የልብስ ሰፊዋ ቁጥር ስልኬ ላይ ነበረኝ። መፈለግ አልፈለግሁም፤ ግን ፈለግሁት። አደጋው በደረሰበት ቀን፣ ማክሰኞ፣ አራት መስመር ተከታትሎ ተጽፏል። ስድስት ሰዓት ከአሥር፤ ባዶ ጥሪ። ስድስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት፤ ያው ቁጥር፤ የሚጮህ ነገር። ስድስት ሰዓት ከሩብ፤ ያው። ስድስት ሰዓት ከሃያ አንድ፤ «ያው ባለጌ። ገሠጽኩት።»

ደብተሩን ለማዞር ሞከርኩ፤ እሳቸው ግን አንብበውታል። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ቀኑን አስታውሰዋለሁ» አሉ። «'ሰው አክብር፣ ሥራ ፈት' ብዬ ነው የዘጋሁት።» እኔ ይህን መተርጎም ነበረብኝ። በሥራዬ ላይ እጄን አጥፌ ዝም ያልኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው። ልጅቷ ግን ከንፈራቸውን አንብባ ኖሮ አልጠየቀችኝም።

ስልከኛው ደብተሩን ከድነው፣ «እዘጋዋለሁ» አሉ። «ነገ ጠዋት አፑን እዘጋዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።»

የሙግቱ እውነተኛ ክፍል የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ አሁን ተሟጋቾቹ ቦታ ተለዋወጡና።

«አይዝጉት» አለች ዲዛይነሯ።

«እንዴት አልዘጋውም? ከእንግዲህ በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ቢዘጉት እነዚያ ሰባት መቶ ሰዎች ብቸኝነታቸው አብሮ አይዘጋም። ነገ የሚሰሙ ሰዎች ወደሚበዙበት ሌላ አፕ ይሄዳሉ። እዚያ ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ የለም፤ መዝገብ የሚጽፍ ሽማግሌም የለም። ማፈርዎ ተገቢ ነው። ግን በማፈርዎ ቤቱን አያፍርሱብን። በሩን ያስተካክሉት።»

«አልችልም፣ ልጄ። እጄ ያበላሸውን እጄ አያበጀውም።»

«የእርስዎ እጅ ብቻውን አያበጀውም። የእኛ እጅ ይጨመርበት። እስከዛሬ ስለ እኛ ሲሠሩ አንዳችንን እንኳ አልጠየቁም።»

ይህን ስትል ቁጣ አልነበረባትም። ድካም ነበረባት፤ ገና በሃያ አምስት ዓመቷ። ስልከኛው አንገታቸውን ደፍተው፣ «እንዳልሽ ይሁን» አሉ። በክርክር የተሸነፈ ሰው ፊት አይቻለሁ። የእሳቸው እንደዚያ አልነበረም። የሞት መርዶ የተነገረው ሰው ፊት ነበር።

ሥራው አራት ወር ፈጀ። በየሳምንቱ ቅዳሜ መስማት የተሳናቸው ስድስት ሰዎች ወደዚያች ክፍል እየመጡ በፊታችን መተግበሪያውን ይጠቀሙ ነበር። አንድ ዳቦ ጋጋሪ የምዝገባውን ረጅም ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አንብቦ ምን እንደተስማማ አለማወቁን ነገረን፤ ለብዙዎቹ የጽሑፍ ቋንቋ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ስልከኛው ማዕዘን ላይ ተቀምጠው የሰዎቹ ጣት የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚሳሳት ይጽፉ ነበር። አንድ ቅዳሜ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ቀዩን ቁልፍ በጥያቄ ዓይን አሳየቻቸው። ተነሥተው ወጡ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ሥራው ሲያልቅ ልብስ ሰፊዋን ይቅርታ ለመጠየቅ ፈለጉ። እንቢ ትላለች ብዬ ነበር። «ይምጡ፤ የምጠይቃቸው አለኝ» አለች።

የምትኖረው ከእህቷ ጋር ነው። የልብስ ስፌት መኪናዋ በአንሶላ ተሸፍኖ ግድግዳ ተጠግቷል። ስልከኛው ቆመው የተዘጋጁበትን ሁሉ ተናገሩ። እሷ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ በግራ እጇ፣ አንዳንዱን ምልክት ግማሹን ብቻ እየሠራች፣ እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው፦ «በስልኩ ላይ ሰከንዱ ሲቆጥር አየሁ። የሆነ ሰው አንሥቶታል፣ እየሰማኝ ነው ብዬ ነበር። ድምፄ ምን ይመስላል? ማንም ነግሮኝ አያውቅም።»

ስልከኛው ወደ እኔ ዞሩ። ልረዳቸው አልቻልኩም።

«ቀጭን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከታች ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ነገር ትደጋግሚ ነበር። ቃል ይሁን አይሁን አልለየሁትም።»

«ቃል ነው» አለች። «እናቴ ጉሮሮዋን እያስነካች ያስተማረችኝ አንድ ቃል ነው። 'ኑ' ነበር የምለው።»

እኔም በአፌ «ኑ» ብዬ ተረጎምኩት። ስልከኛው ደግመው ይቅር በይኝ አላሉም፤ ያን ሰዓት ቃሉ አነሰባቸው መሰለኝ። እሷም ይቅር ብያለሁ አላለችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የማይሰማ ሰው ዓይኑን ሲያዞር ንግግሩ አልቋል ማለት ነው። ቀስ ብለን ወጣን።

አሁን ለውጡ ያመጣውን ጥቅም ልናገር፤ አንባቢ ከዚህ ታሪክ ሐዘን ብቻ ይዞ እንዳይሄድ። ዛሬ ወደዚያ መተግበሪያ የሚገባ ሰው በቪዲዮ ፊቱን አሳይቶ፣ በራሱ እጅ በምልክት ሰላም ብሎ ይገባል፤ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ይመሰክሩለታል። ቤቱን የሚያሳብቅ ቁጥር የለም። ያልፈለጉትን ሰው በአንድ ንክኪ ማገድ ይቻላል፤ የታገደውም መታገዱ አይነገረውም። የመጀመሪያ ቀጠሮ የሚመከረው ሰው በሚበዛበትና ብርሃን ባለበት ቦታ ነው። ማስታወቂያዎቹ በምልክት ቋንቋ ይታያሉ። ቀዩ ቁልፍ ሲነካ የባለቤቱን ምስል፣ ያለበትን ቦታና የመረጠውን የችግር ምልክት ለዲዛይነሯ ቡድንና ለሦስት የቅርብ ሰዎች በአንድ ጊዜ ይልካል፤ ስልካቸውም ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱም ብልጭ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አሥራ አራት ጥቆማ መጣ፤ ሁሉም በዚያው ቀን ታየ። ያ ሰው ራሱ በሌላ ስም ሊመዘገብ ሞክሮ የሚመሰክርለት አጥቶ ተመልሷል። ፖሊስ ግን እስከዛሬ አልያዘውም።

እንግዲህ ለሰው የሚጠቅም ነገር የምትሠሩ ሁሉ፣ መልካም ልባችሁን ብቻ አትመኑ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የሚገለገልበትን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሲጠቀምም አጠገቡ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። ቅሬታ አልመጣም ብላችሁም አትኩሩ፤ ቅሬታው የሚመጣበትን መንገድ መርምሩ።

ስልከኛው በሰባ ሁለት ዓመታቸው በእኔ የጀማሪዎች ክፍል ውስጥ ምልክት ቋንቋ ይማራሉ። ጣታቸው አይታዘዝላቸውም፤ ቢሆንም ቀርተው አያውቁም። ልብስ ሰፊዋ ወደ መተግበሪያው አልተመለሰችም። ወደ ሥራዋም አልተመለሰችም። ባለፈው ወር የስፌት መኪናዋን ለእህቷ ልጅ ሰጥታዋለች። ጥቅሙን ሁሉ ዘርዝሬ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ፣ ምክሬ ሁሉ ውሸት ይሆናል።